ሚስቴ የከሳች ጊዜ

በመጀመሪያ የቀናሁት በአንድ የጫማ ዘለበት ነው። ለሚሰማው ያስቃል፤ እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም። ጠዋት ነበር። እኔ ሸሚዜን እየቆለፍኩ፣ ሚስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እንደ ሁልጊዜው ጫማዋን ላስርላት ልንበረከክ ስል ጎንበስ አለችና ራሷ አሰረችው። ከዚያ ፊቷ ቀልቶ ቀና አለችና «አየህ?» አለችኝ። አየሁ። ከተጋባን ጀምሮ በየጠዋቱ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ያን ዘለበት የማስረው እኔ ነበርኩ፤ ሆዷ ስለማያስጎነብሳት እጇ እዚያ አይደርስም ነበር። «ጎሽ» ብያት ወደ ቢሮ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ግን ንብረቴን የወሰዱብኝ ያህል ቅር ሲለኝ ዋለ።

ሚስቴ ወፍራም ነበረች። ሰው ሲያለሳልሰው «ሞላ ያለች» ይላል። የኔዋ ሞላ ያለች አልነበረችም፤ ስንጋባም ወፍራም ነበረች፣ ከተጋባን በኋላ ደግሞ ባሰባት። ጋሪ ላይ ከኋላ ከተቀመጠች ፈረሱ ከፊት ብድግ ሊል ይደርሳል። የአምቦ ባለጋሪዎች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «እትዬ፣ ከፊት በኩል! ከፊት!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔ በዚህ አላፍርም ነበር። ለምን አፍራለሁ? በኛ አገር የሚስት ውፍረት ለባል ምስክር ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ደሞዜም ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም። እሷን ያየ ሰው ግን «የሰውዬው ቤት ሙሉ ነው» ይል ነበር።

ሥራዋ መምህርትነት ነው። ጉልበቷ ቆሞ ማስተማሩን እምቢ ስላለ፣ ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ክፍል አስቀምጧት መጽሐፍ ስታድል ትውል ነበር። ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ማታ ሄጄ ክንዷን ይዤ አመጣታለሁ። ልጅ እግዜር አልሰጠንም። ያለን እኔና እሷ ነን፤ ለኔ ይኸው በቂ ነበር።

አንድ ጊዜ እግሯ አብጦ ጤና ጣቢያ ሄድን። ድሬሰሩ ሚዛን ላይ ሲያወጣት መርፌው ተሽከርክሮ መጨረሻው ላይ ቆመ፤ አልመለስም አለ። ድሬሰሩ ደግ ሰው ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። «በይ እህል ነጋዴዎቹ ጋ ሄደሽ ተመዝነሽ ነይ» አላት። ሄድን። የገበያ ቀን ነበር። የጤፍና የስንዴ ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ስትወጣ ገበሬው ሁሉ ጭነቱን ጥሎ ቆሞ አያት። አንዱ በኦሮምኛ ስንት ኩንታል እንደወጣች ጠየቀ፣ ሳቅ ሆነ፣ እሷም አብራ ሳቀች። ቤት ስንገባ ግን በሩን ዘግታ፣ «ሁለተኛ ሚዛን የሚባል ነገር ላይ አልወጣም» አለችኝ። ቃሏን ጠበቀች። ስንት ኪሎ እንደቀነሰች እኔም አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። ራሷን የለካችው በሌላ በሌላ ነገር ነው፤ እኔም የቀናሁት በዚያው በሌላው ነገር ነው።

አከሳሷ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ድሬሰሩ «ቅቤና ስኳር ተዪ፣ በእግርሽ ሂጂ» አላት፤ ቅቤና ስኳር ተወች፣ በእግሯ ሄደች። ማለዳ እየተነሳች ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ትወጣለች፤ መጀመሪያ እስከ ድልድዩ፣ ቀጥሎ ከድልድዩ ወዲያ፣ በኋላ ደግሞ ከዓይኔ እስክትጠፋ። የመጀመሪያ ሰሞን አብሬያት ሞከርኩ። ብርዱ አልተስማማኝም፣ ተውኩት። በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምናመጣውን ስኳርም የራሷን ድርሻ ለጎረቤት ማደል ጀመረች። ያን ጊዜ ስኳር ማለት ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። መንደሩ በሙሉ ይመርቃት ጀመር። እኔ ደግሞ ስኳሩ የገባበትን ቤት ሁሉ በክፉ ዓይን አየሁ።

ድሎቿን አንድ በአንድ ቤት እያመጣች ትነግረኛለች። አንድ ቀን ከገበያ ጋሪ ላይ ከኋላ ተቀምጣ መጣች። ባለጋሪው አልጮኸም፤ ጎኗ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ ወንድ። «አየህ፣ ለሁለት ሰው ቦታ በቃ!» አለችኝ ደስታዋን መያዝ አቅቷት። እኔ የማየው ሰውየውን ነው። ረጋ ያለ፣ ጺሙን የተላጨ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ነበር። እስከ ዛሬ አልወደውም።

ሌላ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ እናት ሞተው ጌዶ ለለቅሶ ሄድን። ድሮ አውቶቡስ ስንሳፈር የሁለት ሰው ወንበር ለሷ ብቻ ይሆንና እኔ አጠገቧ ቆሜ እሄዳለሁ። ያን ቀን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እሷ ግን መስኮቱን ከፍታ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ጌዶ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። «ምን ታያለሽ?» ብላት «መንገዱን» አለችኝ። ቆሜ በምሄድበት ጊዜ የምታየው እኔን ነበር።

አልጋችንስ? የጥጥ ፍራሻችን መሃሉ ጎድጉዶ ነበርና፣ የትም ጥግ ብንተኛ ተንከባለን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንገናኛለን። ተጣልተን ጀርባ ተሰጣጥተን ተኝተን እንኳ የምንነቃው ተጠጋግተን ነው። እሷ ስትከሳ ጊዜ ፍራሹን አስፈትታ፣ ጥጡን አስባዝታ አዲስ አስመሰለችው። በዚያ ፍራሽ ላይ ከተኮራረፍን እንደተኮራረፍን ይነጋል። ጠዋት «እንቅልፍ እንዴት ነበር?» ትለኛለች፣ በጣም ተመችቷት።

ከዚያ ደግሞ የፍልውሃው መዋኛ መጣ። ከትምህርት ቤት ሴት መምህራን ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመረች። ስትመለስ ጸጉሯ ርጥብ ነው፣ ጉንጯ ያበራል፣ ከማን ጋር ምን ብለው እንደሳቁ ጀምራ ትተወዋለች። «ውሃው እኮ ድሮም ይሸከመኝ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን፤ «የማልችለው የሰዉን ዓይን ነበር»። እኔ ዋና አልችልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ተቀምጬ ራዲዮ አዳምጣለሁ፤ ራዲዮው ስለ እርሻ ምርት ያወራል፣ እኔ ስለ ውሃው አስባለሁ።

አምቦ ግን ድሏን አላየላትም። አምቦ ያየችው በሽታ ነው። «ምነው? ምን ነካሽ?» የማይላት የለም። በጾሙ የሳሳች የመሰላቸው «ጳጉሜንንም ጨምረሽ ነው እንዴ የምትጾሚው?» ይሏታል። ጦሱ ግን የወረደው በኔ ላይ ነው፤ የአብዬን ወደ እምዬ እንዲሉ። «ባልየው ያስርባታል» ተባለ። «ሌላ ይዞባት በንዴት አለቀች» ተባለ። ቢሮ ውስጥ አለቃዬ በር ዘግቶ «ቤትህ ሰላም ነው?» ብሎኛል። ጎረቤቶቻችን በቅል ቅቤ ያመጡላት ጀመር፤ አንዷማ አራስ የምትጠይቅ ይመስል አጥሚት ሠርታ መጣች። እሷ አመስግና ትቀበላለች፣ አትነካውም። ምግብ አይጣልም፤ የበላሁት እኔ ነኝ። በዚህ ዓይነት እሷ ስትሳሳ እኔ ቀበቶዬን ወደ መጨረሻው ቀዳዳ አደረስኩት። የሚያውቁኝ «ሚስትህን በላሃት እንዴ?» ይሉኝ ጀመር።

ወደ ክፍል ተመልሳ ቆማ ማስተማር ስትጀምር ደግሞ የባሰው መጣ። በየመንገዱ «ቲቸር! ቲቸር!» የሚላት በዛ። ቆማ ታወራለች። እኔ ከኋላ ቀርቼ የሰው አጥር እያየሁ እጠብቃለሁ። አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነበረ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ። «ባለቤትህ እኮ ልጅ ሆነች» አለኝ። በልጅነቷ የት አወቃት?

ይህ ሁሉ ሲሆን ሸነን አልመጣብኝም ነበር። ሸነን ከአምቦ ወደ ጅባት በኩል ነች፤ ያን ጊዜ በበጋ የጭነት መኪና ከተገኘ ይገባባታል፣ በክረምት ግን በቅሎ ነው። መምህር የተባለ ሁሉ ወደዚያ ላለመመደብ አማላጅ ይፈልጋል። የሚስቴ ስም ድሮ ለዝውውር ተነስቶ አያውቅም፤ «የሚሸከማት በቅሎ የት ይገኛል?» እየተባለ ይታለፋል፣ እሷም መባሉን ታውቃለች። በዚያ ዓመት ክረምት ሲገባ፣ «ሸነን ማን ይሂድ?» ተብሎ ሲጠየቅ እጇን አወጣች። ሳትነግረኝ። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ያን ጊዜም ሀገረ ሕይወት የሚለውን የአምቦን የድሮ ስም የያዘ አሮጌ ማኅተም ነበር የሚመታው፤ ያ ማኅተም ያለበትን የምደባ ወረቀት እራት ላይ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ።

«ማን አስገደደሽ?» አልኳት።

«ማንም። ጠይቄ ነው።»

«ለምን?»

«ልጆቹ አስተማሪ የላቸውማ።» ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረገችና ደግሞ፣ «መሄድ ስለምችል ነዋ» አለችኝ።

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ነች አንጀቴን የቆረጠችው። ልጆቹ ሰበብ ናቸው አላልኩም፤ ግን ልጆች አምቦም አሉ። ሚስቴ እኔን ትታ ልትሄድ ነው፤ ከሄደች ደግሞ እንደማትመለስ ልቤ ነገረኝ። ሽማግሌ ላክሁባት።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ እጃጂ የሚኖሩት የአባቷ ወንድምና የእድራችን ዳኛ። አጎቷ አርሶ አደር ናቸው፣ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ከከሳች ወዲህ አላዩዋትም ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ገና ደጃፉን ሲረግጡ እሷ ልትስማቸው ወጣች። ዱላቸውን ይዘው ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«ማል ታቴ፣ ኢንታላ ኮ? ምን ሆንሽብኝ ልጄ?» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ሥጋ አልብሰን ሰጠንህ፤ አጥንቷን ልታስረክበን ነው የጠራኸን?»

ከሳሽ ሆኜ ጠርቼ ተከሳሽ ሆኜ ተቀመጥኩ። ደህና መሆኗን ለማስረዳት እሷው ረጅም ሰዓት ፈጀባት። በመጨረሻ የእድራችን ዳኛ ጋቢያቸውን አደላድለው፣ «እሺ፣ አቤቱታህን አሰማን» አሉኝ።

ተናገርኩ። ማለዳ ብቻዋን መንገድ ትወጣለች አልኩ። ፍልውሃ ትዋኛለች አልኩ።

«ከማን ጋር?» አሉኝ።

«ከሴቶች ጋር።»

«ከዚያስ?»

«ጋሪ ላይ ከኋላ ትቀመጣለች። መንገድ ላይ ቆማ ታወራለች። ጫማዋን... ራሷ ታስራለች።»

ዳኛው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ይህ ክስ ነው ወይስ ምስጋና?»

«ሸነን ትሄዳለች!» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ። ያኔ አልሳቁም።

እሷንም ጠየቋት። «እውነት ነው፣ ልሄድ ነው» ብላ ሌላ አልጨመረችም። እንግዲህ ወጉ እንደሚያዘው፣ «ነገራችሁን ለኛ ሰጥታችኋል?» አሉን። «ሰጥተናል» አልን። «እንግዲያስ ወጣ በሉልን፣ እንመካከር።» ሽማግሌ ሲመክር ባለጉዳይ ደጅ ይቆማል። ባለጉዳዮቹ ባልና ሚስት ሲሆኑ ደግሞ የተካሰሱት ሁለቱ አንድ ደጅ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እኛም ጎመኑ መደብ አጠገብ ቆምን። ካፊያ ነበር። ከውስጥ የአጎቷ ድምፅ ይሰማል፣ የሚሉት ግን አይለይም።

«ሸነን ማን አለ?» አልኳት።

«ማንን ማለትህ ነው?»

«ባውቅ እጠይቅሽ ነበር?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ወፍራም ሳለሁ ቀንተህብኝ ታውቃለህ?»

«በምን እቀናለሁ? ከማንስ ጋር?»

«አዎ። አንድ ቀን እንኳ ‹የት ነበርሽ?› ብለኸኝ አታውቅም። የት እንደማልደርስ ታውቀዋለህ። ወስደህ ታስቀምጠኛለህ፣ መጥተህ ታመጣኛለህ።»

«ስለምወድሽ ነው» አልኳት።

«ትወደኛለህ። እሱን መች አጣሁት።» ነጠላዋን ከካፊያው ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «የኔን ነው ያላወቅሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ካንተ ጋር የኖርኩት ስለምወድህ ይሁን መሄድ ስለማልችል፣ አላውቀውም። አሁን መሄድ እችላለሁ። እስቲ ልወቀው።»

ዓይኔን ጎመኑ ላይ ጣልኩ። ሰው ጎመን እያየ የሚሰማው ነገር አልነበረም። በሸነን ቀንቼ፣ በመምህሩ ቀንቼ፣ በውሃው ቀንቼ፣ ለካ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ኖሯል።

«ግቡ!» አሉን።

ፍርዱን የተናገሩት አጎቷ ናቸው። ሚስት ባሏን ጥላ በበቅሎ አገር ለአገር አትዞርም፤ ትቀራለች። እኔም በበኩሌ የሚበላ እንዳላጎድልባት፣ ወዟ እስኪመለስ በቅቤ እንድይዛት ተፈረደብኝ። አሸነፍኩ። እንዲህ በአጭሩ አሸንፋለሁ አላልኩም ነበር።

እሷ ተነሳች። ሽማግሌ ሲፈርድ ጉልበት ይሳማል። ድሮ ለመሳም ስትነሳ «ኧረ ይቅርብሽ፣ እግዜር ይሳምሽ» ብለው ያስቀሯት ነበር፤ ጎንበስ ካለች የሚያነሳት ሰው ያስፈልጋልና። አሁን ከወገቧ እጥፍ ብላ ግንባሯ የአጎቷን ጉልበት እስኪነካ ጎነበሰች። እንዲህ በቀላሉ፣ እንዲህ ባማረ ሁኔታ ስትጎነብስ አይቻት አላውቅም። ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ፣ ያን ሁሉ ቅቤ ትታ ያገኘችውን ወገብ ለኔ ፍርድ ስታጎነብሰው አየሁ። ከቀረች እንደ ድሮው መሄድ ስላልቻለች ቀረች ማለት ነው። እሷም አታውቀውም፣ እኔም ሳላውቀው እሞታለሁ።

«አልቀበልም» አልኩ።

ዳኛው በደንብ ያልሰሙ መስሏቸው ጆሯቸውን አቀረቡ። «ላንተ እኮ ነው የፈረድንልህ!»

«እሱን ነው የማልቀበለው። ትሂድ።»

አጎቷ እኔን አዩኝ፣ ሆዴን አዩት፣ ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረው፣ «ያመጣችሁላትን ቅቤ ይህ ሰው በልቶት አናቱ ላይ ወጥቷል» አሉ። በሽማግሌ ቀልደሃል ተብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የሁለቱንም ጉልበት ሳምኩ። እኔን አንስተው ያቆሙኝ ዳኛው ናቸው።

መስከረም ሲጠባ እስከ መገንጠያው በመኪና ሸኘኋት። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ስለሆነ አንድ የሸነን ነጋዴ በቅሎ ይዞ ይጠብቃታል። ወጣት ነው፣ ቁመናው ደህና ነው፤ በዚህም ተናደድኩ። እርካቡን ልይዝላት ስጠጋ እሷ ተቀምጣ ልጓሙን ጨብጣለች። ነጋዴው መክፋቴን አይቶ ሊያጽናናኝ ፈለገ። «ኦቦ፣ አይስጉ» አለኝ፣ «ባለቤትዎ ላባ ናቸው፣ በቅሎዬ አይሰማውም።» ሚስቴን ላባ አላት። ይህ ሰውም፣ ሸነን የሚባል አገር በሙሉም፣ ያቺን የጋሪ ፈረስ ብድግ የምታደርገውን ሴት አያውቃትም። በዚያችኛዋ እንኳ የሚሻማኝ የለም ብዬ ለመጽናናት ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

«መቼ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«አላውቅም» አለችኝ። ዋሽታ ልታስደስተኝ ትችል ነበር፣ አልዋሸችም።

እሷ ከሄደች በኋላ ያለውን ጊዜ መተረክ አልፈልግም። ሰው አልላክሁባትም፤ ልሂድ ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ፍራሹ ላይ መሃል ለመሃል እተኛለሁ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ጎረቤቶች ደግሞ በተራቸው ለኔ ያዝኑ ጀመር፤ ከሳህ አሉኝ።

የገና ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደጅ ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሳልጠራት፣ ሳልልክባት፣ ክንዷን ይዤ ሳላመጣት፣ በሩን ራሷ ከፍታ ገባች። ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ አቧራ ነች፤ መገንጠያው ላይ መኪና አጥታ ግማሹን መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው። ብድግ አልኩ፤ ብዙ ነገር ልላት አስቤ ነበር።

«የት ነበርሽ?» አልኳት።

ሸነን እንደነበረች ልጅ እንኳ ያውቃል። እሷ ግን አልሳቀችብኝም። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ጀመረች። ስላስተማረቻቸው ልጆች፣ ስለተሻገረችው ወንዝ፣ ያሳደሯት ሰዎች ስላበሏት ምግብ፣ መንገድ ላይ አብሯት ስለሄደው ሰው አንድ በአንድ ነገረችኝ። ሁሉንም ሰማሁ፤ ሳልቀናበት ያለፈ አንድም ነገር የለም።